ውኃ የወሰደው ነገር ጠፋ ይባላልን?

ነጭ ነጠላ ለብሶ ወደ ቤተ እግዚአብሔር መምጣት ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። እሑድ ጠዋት በአያት መንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከት፣ ከየጋራ መኖሪያ ሕንፃው በነጭ ልብስ ደምቆ የሚወጣው ምእመን ልብን ደስ ያሰኛል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጥያቄ የተወለደው ከዚሁ ነጭ ልብስ፣ ይልቁንም ልብሱ ከታጠበበት ውኃ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እኅታችን ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ አንድ ነገር ጠየቀችን። ጥያቄው የቀረበልን ከምሥጢረ ንስሐ ውጭ መሆኑን፣ እዚህ እንድንጽፈውም እርሷ ራሷ መፍቀዷን አስቀድመን እንገልጻለን። ይህች እኅት በተለምዶ ላርጎ የምንለውን ፈሳሽ ሳሙና በቤቷ እያዘጋጀች በመሸጥ ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ሰልፎኒክ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ማወፈሪያ፣ ቀለምና ሽቶ ከመርካቶ ትገዛለች፤ በበርሜል ታማስላለች፤ በጀሪካን እየሞላች ለየሱቁ ታከፋፍላለች። በርሜሉን ስታጥብ የሚወጣውን አረፋማ ውኃ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ትደፋዋለች። አንድ ቀን ከቦዩ በታች፣ በወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ አገኘች። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ አልተናገሩም፤ በያዙት ዱላ በቦዩ የሚወርደውን አረፋ ብቻ አሳዩዋት። ይህን ከነገረችን በኋላ፣ «አባ፣ ይኼ ነገር ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «ልጄ፣ ጥቂት ነገር ነው፤ ዝናቡ ይወስደዋል፤ አትጨነቂ» ብለን አሰናበትናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ዝናቡ ይወስደዋል» ያልነው ቃል የራሳችንን ኅሊና ይቈረቁረው ጀመር። ለመሆኑ ዝናቡ ወዴት ነው የሚወስደው? ከዓይናችን የራቀ ነገር ከኃላፊነታችንም ይርቃልን? ለአንዲት እናት በችኰላ የሰጠነውን መልስ ለመመርመር ስንነሣ፣ ጉዳዩ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነና ልብሱን የሚያጥብ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ተረዳን። ስለዚህም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ለመመልከት እንሞክራለን።

የውኃው መንገድ

አያት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ከእርሻ ማሳነት ወደ ሰፊ መኖሪያነት ተለውጧል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም በምሥራቅ በኩል የመጨረሻ ጣቢያው አያት ነው። ከዚህ ሰፈር ወደ ላይ፣ በሰንዳፋ አቅጣጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የለገዳዲ ግድብ ይገኛል። በግድቡ የተጠራቀመው ውኃ ጭቃው እንዲረጋ አሉሚኒየም ሰልፌት፣ የበሽታ ተሕዋስያን እንዲሞቱበት ደግሞ ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ከተማው ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በፋብሪካ የተሠራ ኬሚካል ሁሉ ክፉ አይደለም። በየዓመቱ ስንቱን ሕፃን ከተቅማጥ በሽታ ያዳነው ይኸው ክሎሪን ነው። የሰው ልጅ እግዚአብሔር በሰጠው አእምሮ ተጠቅሞ ያገኘውን ጥበብ መንቀፍ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሳሙናም ቢሆን የብዙ በሽታ መከላከያ ነው።

ከአያት ወደ ታች ስንመለከት ደግሞ የምሥራቁ አዲስ አበባ ቦይና ፈፋ ቁልቁል ወደ ደቡብ እየወረደ ከትልቁ አቃቂ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ትንሹ አቃቂ በበኩሉ ከምዕራብ በኩል የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ በተሠራው በአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በቆቃ ግድብ ያልፋል፤ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል፤ በመጨረሻም በጂቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ይህ ማንኛውም ተማሪ በጂኦግራፊ ትምህርት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ነገር ግን ሥነ ምግባራዊ ትርጉሙን ብዙም አላሰብንበትም። ዓባይ የተሸከመውን ይዞ እስከ ሜዲትራንያን ይጓዛል፤ አዋሽ ግን የሰጠነውን ሁሉ ለራሳችን ወገን ያደርሳል። ከአያት ቦይ የወጣው ነገር ወይ በመንገድ ላይ ፈርሶ ወደ አፈርና ወደ አየር ይመለሳል፣ ወይ በደለል ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ በማሳ ላይ ይረጫል፣ ወይ በዓሣና በከብት አካል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላ መውጫ የለውም። ከዚህም በላይ ከተማችን ከሚጠጣው ውኃ ሰፊው ድርሻ በዚያው በአቃቂ አካባቢ ከተቈፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። በወንዙ ዳር የበቀለውም ሰላጣና ቆስጣ ተመልሶ ወደየጉልታችን ይመጣል።

መፍረስ ሁሉ መጥፋት አይደለም

በልብስ ማጠቢያ ዱቄትና በፈሳሽ ሳሙና ውስጥ የሚገቡት ኬሚካሎች ወንዝ ከገቡ በኋላ ዕጣቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በሦስት ከፍለን ብንመለከታቸው ነገሩ ይገለጥልናል።

አንደኛው ዕጣ በእርግጥ መፍረስ ነው። አረፋን የሚሰጠውና ቅባትን ከልብስ የሚያላቅቀው ዋናው ኬሚካል ከዚያው ከሰልፎኒክ አሲድ የሚሠራ ነው። ሞለኪውሉ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዓለም ገበያ የነበረው ዓይነት ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለ ነበር ባክቴሪያዎች ሊበሉት አልቻሉም። በዚህም ምክንያት የአውሮፓና የአሜሪካ ወንዞች በአረፋ ክምር ተሸፈኑ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በአሜሪካም አምራቾቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ቅርንጫፍ ያለውን ትተው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ወዳለው ተሸጋገሩ። ቀጥ ያለውን ሰንሰለት ባክቴሪያዎች ከጫፉ ጀምረው እየቈረጡ ይበሉታል፤ በመጨረሻም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሰልፌት ሆኖ ይቀራል። ሕይወት ባለው ወንዝ ውስጥ ይህ ሥራ በጥቂት ቀናት ይፈጸማል። እግዚአብሔር በፍጥረት ውስጥ ያኖረው ይህ የማንጻት ኃይል የሚያስደንቅ ነው።

ይህ ኃይል ግን ወሰን አለው። ባክቴሪያዎቹ ይህን ሥራ ለመሥራት ኦክሲጅን ያስፈልጋቸዋል። የሽንት ቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ በበዛበት፣ ጠቍሮ በሚሸት ውኃ ውስጥ ኦክሲጅን አልቋል፤ ስለዚህም በንጹሕ ወንዝ ውስጥ በቀናት የሚፈርሰው ነገር በዚያ ሳይፈርስ ይቈያል። በብዙ ማጠቢያ ዱቄቶች ውስጥ የውኃውን ክረት ለመቀነስ የሚጨመረው ፎስፌት ይህን ችግር ያባብሰዋል። ፎስፎረስ ንጥረ ነገር በመሆኑ አይፈርስም፤ ከእርሻ ማዳበሪያና ከሰው ፍሳሽ ከሚመጣው ጋር ተደምሮ አልጌንና እምቦጭን ይመግባል። አባ ሳሙኤል በእምቦጭ፣ ቆቃ ደግሞ መርዝ በሚያመነጭ አረንጓዴ አልጌ ሲሸፈኑ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ዕፀዋቱ ሞተው ሲበሰብሱ የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። እንግዲህ አንዱ ተጨማሪ ኬሚካል የሌላውን መፍረሻ መንገድ ይዘጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዕጣ በከፊል ፈርሶ የባሰ መሆን ነው። በአንዳንድ የኢንዱስትሪ ማጠቢያዎች፣ በተለይም በጨርቃ ጨርቅ ሥራ፣ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል የቈየ ኬሚካል በወንዝ ውስጥ ሲቈራረጥ ኖኒልፌኖል የሚባል ቅሪት ይተዋል። ይህ ቅሪት ከወላጁ ይልቅ ለመፍረስ አስቸጋሪ ነው፤ በዓሣ አካል ውስጥም የእንስትን ሆርሞን መስሎ ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ አጠቃቀሙን የገደበው በዚህ ምክንያት ነው። በሕግ መዝገብ ላይ «ፈርሷል» ተብሎ የተጻፈው ነገር በወንዙ ውስጥ ጉዳቱን ገና መጀመሩ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዕጣ ሳይፈርሱ ቦታ መለወጥ ነው። በቆዳ ፋብሪካ የሚያገለግለው ክሮሚየም ንጥረ ነገር ስለሆነ ማንም ሊያፈርሰው አይችልም፤ መልኩን ይለውጥ እንጂ በደለሉ ውስጥ ይኖራል። በአቃቂ ውኃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ምግብ የማይጣበቅበትን መጥበሻና ውኃ የማያስገባውን ልብስ ለመሥራት የሚውሉት የካርቦንና የፍሎሪን ውህዶች ደግሞ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያፈርሳቸው ባለመገኘቱ «ዘለዓለማዊ ኬሚካሎች» እስከ መባል ደርሰዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሁለቱ በመጠጥ ውኃ ውስጥ የፈቀደችው ከፍተኛ መጠን በሊትር 4 ናኖግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ አራት እጅ ብቻ ነው።

ከነዚህ መካከል በተለይ ልባችንን የነካው ግን ልብስን ነጭ የሚያስመስለው ተጨማሪ ኬሚካል ነው። ይህ ነገር እድፍን አያወጣም። በጨርቁ ላይ ተለጥፎ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር እየተቀበለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ዓይናችንም ቢጫነቱን ሳያይ ልብሱ የነጣ ይመስለዋል። ከጨርቁ ያልተጣበቀው በውኃው ሄዶ በአብዛኛው በደለል ላይ ይቀመጣል፤ ባክቴሪያዎች በቀላሉ አይበሉትም፤ የፀሐይ ብርሃን ካገኘው ብቻ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ጌታችን በወንጌል በውጭ ነጭ ሆነው ስለሚታዩ መቃብሮች የተናገረውን (ማቴ. 23፡27) እያሰብን፣ ለቅዳሴ የለበስነው ንጣት ስንት ክፍሉ መንጻት፣ ስንት ክፍሉ መምሰል እንደ ሆነ ራሳችንን ጠየቅን።

የቀጠነው እንደገና ሲሰበሰብ

ብዙ ዘመን የቈየ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ማንኛውም መርዝ በብዙ ውኃ ከቀጠነ ጉዳት የለውም የሚል ነው። ይህ እምነት በከፊል እውነት ነው፤ ለሚፈርሰው ነገር ማቅጠን ጊዜ ይሰጣል። ለማይፈርሰው ግን ማቅጠን ማራቅ እንጂ ማጥፋት አይደለም።

የጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ለዚህ ምስክር ናት። በዚያ የነበረ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ለሥራው የሚጠቀምበትን ሜርኩሪ ከዝቃጩ ጋር ለብዙ ዓመታት ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲያፈስስ ኖረ። በባሕሩ ውኃ ውስጥ ሜርኩሪው እጅግ ቀጥኖ ነበር። ነገር ግን ጥቃቅን ፍጥረታት ተቀበሉት፤ ትንሹ ዓሣ እነርሱን በላ፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን በላ፤ በየደረጃውም መጠኑ እየበዛ ሄደ። ባሕሩ የበተነውን ዓሣው ሰበሰበው። በመጀመሪያ ዓሣ የሚበሉ ድመቶች ሲንቀጠቀጡና ሲያብዱ ታዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በሽታው በሰው ላይ መታየቱ በይፋ ተገለጠ። ፍሳሹ የቆመው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በሕግ ታማሚነታቸው የታወቀላቸው ብቻ ከ2,000 በላይ ናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ራሳቸው ጤነኛ መስለው የሚታዩ እናቶች አካለ ስንኩል ልጆችን መውለዳቸው ነበር፤ መርዙ ከእናቲቱ አካል ይልቅ በማኅፀኗ ባለው ፅንስ ላይ በርትቶ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ውኃ ለሁሉም እኩል አያከፋፍልም። የላይኛው ሰው ይጥላል፣ የታችኛው ይቀበላል፤ ጐልማሳው ይቋቋማል፣ ሕፃኑ ይጐዳል፤ ሀብታሙ የታሸገ ውኃ ይገዛል፣ ድኻው ከወንዙ ይቀዳል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 (ቍ. 18–19) የጠራውን ውኃ ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች ሲወቅስ፣ የኋለኞቹ በጎች ያን የደፈረሰውን ለመጠጣት መገደዳቸውን እንደ በደል ቈጥሮታል። የነቢዩ ወቀሳ የውኃውን ማለቅ አያነሣም፤ ደካማው የጠገበውን ሰው እድፍ እንዲጠጣ መደረጉን ነው የሚኰንነው።

ሃምሳ ሎሚ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የዚያች እኅት አንድ በርሜል እጥበት አቃቂን አይገድለውም። የእያንዳንዳችን አንድ ሳፋ የልብስ ውኃም ማንንም አይገድልም። ማንም ሰው ብቻውን ያላደረሰውን ጉዳት ሁሉም በአንድነት ካደረሱት፣ ኃላፊው ማን ነው? የእያንዳንዱ ድርሻ ከምንም የማይቈጠር ከሆነ፣ ከምንም የማይቈጠር ነገር በሺህ ቢበዛ እንዴት ኃጢአት ይሆናል?

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ምሳሌው ስለ መረዳዳት የተነገረ ነው፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ሳናስተውል በበደልም ላይ ተረጐምነው፤ በደሉን ለሃምሳ ከተካፈልነው ለእያንዳንዳችን ቀላል ይሆናል ብለን አሰብን። ልዩነቱን ልብ እንበል። በምሳሌው ውስጥ ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ ሎሚውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። በወንዙ ላይ ግን ሃምሳችንም ሎሚያችንን እየጣልን ባዶ እጃችንን እንሄዳለን፤ ሃምሳውንም ሎሚ የሚሸከሙት ከቦዩ በታች ያሉት ሽማግሌ ብቻቸውን ናቸው። ተካፍለነው ያቀለልነው ለራሳችን ነው፤ እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ ተደምሮ ሙሉ ሸክም ሆኗል። ጣዩን ብቻ ብንቈጥር ድርሻው ትንሽ ነው፤ ተቀባዩን ብንጠይቅ ግን ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

የሥነ ምግባር ትምህርተ መለኮት ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ጥያቄ በጥቃቅን ስርቆት ጉዳይ ላይ ከብዙ ዘመን በፊት አንሥተውታል። አንድ ነጋዴ ሚዛኑን በጥቂት አሳንሶ ከእያንዳንዱ ደንበኛ የጥቂት ሳንቲም ያህል ቢወስድ፣ ማንም ደንበኛ አይጐዳም፤ ነጋዴው ግን በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ገንዘብ ሰርቋል። በጥቃቅን ስርቆት የተከማቸውን፣ ድምሩ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ መመለስ በከባድ ኃጢአት አያስጠይቅም የሚለውን አስተሳሰብ ር.ሊ.ጳ. ኢኖቼንሲዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1679 አውግዘውታል። ቤተ ክርስቲያን ድምሩን ትቈጥራለች ማለት ነው። በዘመናችንም ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ ማኅበራዊ ኃጢአት ሲያስተምሩ፣ እንዲህ ያለው ኃጢአት የብዙ ሰዎች የግል ኃጢአት ክምችት መሆኑን አስገንዝበዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት (ቍ. 29) የማጠቢያ ኬሚካሎች ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ መፍሰሳቸውን በስም ጠቅሰው አንሥተውታል።

የኃላፊነት ልክ

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «ፋብሪካው በቀን ስንት በርሜል እየለቀቀ፣ ከተማው ፍሳሹን ሳያጣራ እየተወ፣ ልጆቿን ለማሳደግ በምትደክም አንዲት እናት ላይ የኅሊና ቀንበር መጫን ፍትሕ ነውን?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ኃላፊነት በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ እንደ ዕውቀቱ፣ እንደ ሥልጣኑና እንደ ትርፉ መጠን ይለካል። ብዙ የሚያውቀው፣ ሌላ መንገድ ለመምረጥ አቅም ያለውና ከነገሩ ብዙ የሚያተርፈው ብዙ ይጠየቃል።

የአገራችን ሕግም ይህን መንገድ ይከተላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። የቃሊቲው አዲሱ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማጣራት የተሠራ ነው፤ ከተማው የሚያመነጨው ሁሉ ግን ወደዚያ አይደርስም። ሕጉን በሥራ የማዋል ግዴታ የሹማምንት ነው፤ ዝቃጩን የማጣራት ግዴታ የባለ ፋብሪካው ነው። የእናቲቱን በርሜል እያየን የእነርሱን ወንዝ ብንረሳ ትንኝን አጥልለን ግመልን መዋጥ ይሆንብናል።

ይሁን እንጂ የትልቁ በደል የትንሹን በደል አይሰርዝም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባድ ኃጢአት ሙሉ ዕውቀትንና ሙሉ ፈቃድን ይጠይቃል። ያቺ እኅት አረፋው የት እንደሚደርስ ሳታውቅ በኖረችበት ዘመን አትወቀስም። ሽማግሌው በዱላቸው ያሳዩዋት ዕለት ግን አለማወቋ አበቃ፤ ዓይኗ ተከፈተ፤ ስለዚህም ልትጠይቅ ወደ ካህን መጣች። እኛ ደግሞ «ዝናቡ ይወስደዋል» ብለን የተከፈተውን ዓይን መልሰን ዘጋነው። በዚህ ነገር ከእርሷ ይልቅ የበደልነው እኛ ነን። ጥያቄን ይዞ የመጣን ሰው ማረጋጋት ቀላል ነው፤ እውነትን ከሰውየው ጋር ሆኖ መፈለግ ግን ድካም አለው፤ እኛም ድካሙን ሸሸነው።

የእጥበቱ ውኃ

ጲላጦስ በሕዝቡ ፊት ውኃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ (ማቴ. 27፡24)። ውኃው እጁን አነጻለት፤ የጻድቁን ደም ግን ከእርሱ አላራቀለትም። በዓለም ታሪክ ውስጥ ውኃ በደልን እንዲወስድ የተጠየቀበት ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ውኃ ከዚህ በተለየ አኳኋን ይያዛል። በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ካህኑ እጁን ታጥቦ ወደ ሕዝቡ ዘወር ይላል፤ የእጁንም ውኃ እያራገፈ ምእመናን በሚገባ ተዘጋጅተው እንዲቀርቡ ያስጠነቅቃል። ቅዱስ ቍርባን የነካቸው ዕቃዎች የታጠቡበት ውኃም በማንኛውም ቦይ አይደፋም፤ ይጠጣል ወይም ንጹሕ በሆነ ምድር ውስጥ ይፈስሳል። ስለምን? ውኃው የነካውን ነገር እንደ ተሸከመ ቤተ ክርስቲያን ስለምታውቅ ነው። የከበረውን የነካ ውኃ የት እንደሚፈስስ የሚጨነቅ ካህን፣ መርዝን የነካ ውኃ የት እንደሚፈስስ አያገባኝም ሊል እንዴት ይችላል? ይህን ሁሉ ዓመት ጽዋውን ስናጥብ የተማርነውን ትምህርት በሳፋው ላይ ሳናውለው ቀርተናል።

ምሥጢረ ንስሐም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ኃጢአት በይቅርታ ይሰረያል፤ ያደረስነው ጉዳት ግን ካሣን ይጠብቃል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፡8)። ውኃን በተመለከተ የትናንቱን መመለስ አይቻለንም፤ ከአባ ሳሙኤል ደለል ውስጥ የየራሳችንን ድርሻ ለይተን አናወጣም። የዛሬውንና የነገውን ግን መቀነስ እንችላለን። እዚህ ላይ የሃምሳ ሎሚው ምሳሌ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል፤ ካሣውን ሃምሳ ሰው ቢካፈለው በእርግጥ ለእያንዳንዱ ቀላል ነው።

ስለዚህ ወደ እኅታችን ቤት ሄደን የሰጠናት መልስ የተሳሳተ እንደ ነበር ነገርናት፤ ይቅርታም ጠየቅናት። አብረንም መከርን። አሁን የበርሜሉን የመጀመሪያ እጥበት አትደፋውም፤ በጀሪካን አስቀምጣ ለሚቀጥለው ላርጎ መበጥበጫ ታደርገዋለች፤ እንዲያውም ሳሙናው ስላልባከነ ጥቂት እንደ ቈጠበች ነግራናለች። የቀረውን በቀጥታ ወደ ወንዝ በሚወርደው የዝናብ ቦይ ሳይሆን በሕንፃው የፍሳሽ መስመር ታስወግደዋለች። ሰልፎኒክ አሲድ ስትገዛም ሰንሰለቱ ቀጥ ያለው ዓይነት መሆኑን ሻጩን ትጠይቃለች። እኛም በቁምስናችን ለምእመናን ሦስት ነገር አሳስበናል፤ የማጠቢያ ዱቄትን ከሚያስፈልገው በላይ አለማብዛት፣ ፎስፌት የሌለበት ሲገኝ እርሱን መምረጥ፣ ዘይት፣ ቀለምና ያረጀ መድኃኒት በቦይ አለመድፋት። የፋብሪካ ባለቤትና የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ምእመናን ደግሞ የእነርሱ ሎሚ ከሌላው እንደሚከብድ ያስቡ ዘንድ እንለምናለን።

እኅታችን ወደ ሽማግሌውም ወርዳ ነበር። የሆነውን ነግራ ይቅርታ ስትጠይቃቸው፣ ሽማግሌው ዝም ብለው ቈዩና፣ «እኔስ ለጎመኑ የምረጨው መድኃኒት ከዚህ ወዴት እንደሚሄድ መች ጠይቄ አውቃለሁ?» አሏት። ከእርሳቸውም በታች የሚጠጣ አለ፤ ከዚያም በታች እንዲሁ፤ እስከ አፋር እረኛ ድረስ።

ውኃ የወሰደው ነገር ጠፋ ይባላልን? ከፊሉ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ ሕይወት ባለው ውኃ ውስጥ በእርግጥ ይፈርሳል፤ ለዚህም ወንዙ ሕያው እንዲሆን መጠበቅ ይገባናል። የቀረው ግን አልጠፋም፤ ስሙን በማናውቀው ሰው ደጅ ደርሷል። ያ ሰው ደግሞ ባልንጀራችን ነው። ውኃን ለጥምቀታችን የመረጠ አምላክ፣ የምንደፋውን እያየን እንድንደፋ ልቡናችንን ያብራልን።